ምንም

ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ ከጦይባ ሱቅ በራፍ፣
የወጣልን ዕቁብ፣ ስምንት ሺህ፣ ታስሮ በነጠላዬ ጫፍ፣
ይመር ልቡ ቀልጦ ቀረ ከቀይዋ ማሽን ላይ፣
እንደ ሚዜ ዞሮ ዞሮ፣ አጎንብሶ ሲያይ።

«ስሚማ» አለኝ፣ «ይቺ አትጠርግም፣ ትጠጣለች፤
ከሲጋራ መለኮሻው ሰክተናት ትሠራለች፤
ደጃቸው ድረስ ይዘናት እንሄዳለን፣ በባጃጅ፤
ውኃ አትል፣ መብራት አትል፣ አትፈልግም ደጅ።»

አብሽር አልኩት። የኔ ዐይን ብሩሹ ጋ ነው፤
ጠጉሩን በጉንጬ፣ በከንፈሬ ነው የምለካው።
ጠንካራው ለወለል ምንጣፍ፣
ከጅቡቲ ለሚመለስ ሲኖ፣ የሚሌን አሸዋ
በጫማው ጭኖ ለሚገባ፤
ለስላሳው ለዳሽቦርዱ፣ አቧራውን እያባባ።

የአየር መውጫው ጥርስ ግን ጣት አያስገባም፤
የጦይባ ብሩሽ ሁሉ ወፍራም።
ያኔ ነው የአባጋሩ አጎቴ ጭራ ትዝ ያለኝ፣
ዝንብም ጠብም ሲያባርርበት የኖረ።
«ሁለት ጣት ጠጉር ብቻ» አልኩት ማታ።
«ለመኪና?»
«ለመኪና አፍንጫ።»
እስኪያስለው ሳቀና መቀሱን ራሱ አቀበለኝ።

ማሽኗ አምስት ሺህ ተኩል።
ከይመር ጋር ተኳረፍን፣ ሻይ እስኪበርድ፣
ጦይባ ሁለት መቶ ቀንሳ እስክታስታርቀን ድረስ።
ብሩሽ፣ ፎጣ፣ ባልዲ ሲደመር
ሽታ ማጥፊያ የሚባለው ጠርሙስ
ከመደርደሪያው ሳይወርድ ቀረ።
«ሽታ የሌለበት መኪና ይምጣልና!» አለ ይመር።

መጣ።

ሰኞ ዕለት፣ ደሴ፣ ሆጤ አጠገብ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ፣
አሊጋዝ ሚኒባሱን አቁሞ በሩን ከፈተ፤
ሽታው ከሱ ቀድሞ ወረደ።
«ከኩታበር ስመለስ አንዲት እናት
ሙሉ ቅል ቅቤ ደፉብኝ።
ይኸው ሦስት ቀኔ፤ ተሳፋሪው ሁሉ
‹አናትህን ተቀብተህ ነው ወይ?› ይለኛል።»

ይመር ማሽኗን ሰካ። ጮኸች። ጠጣች፦
የጫት ገረባ፣ የሱፍ ቅርፊት፣
የተቀደደ ትኬት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጥፍር።
አንዲት የሕፃን ካልሲ ጉሮሮዋ ላይ ቀርታ
በእጃችን አወጣናት።
የጭራዋ ብሩሽ ከአየር መውጫው
የዓመት አቧራ እያግባባች አወረደች።
ቅቤው ግን ወይ ፍንክች!
በሳሙና ብንፈትገው ጭራሽ ተስፋፋ፣
ከወንበር ወደ ወንበር፣
እንደ ሰፈር ወሬ።

ይመር ላቡን ጠረገ፤ እኔን አላየም።
እኔም እሱን አላየሁም፣
ጠርሙሷ ትዝ እንዳለችው ስለገባኝ።

ወፍጮ ቤቱ ሁለት በር ዝቅ ብሎ ነበር።
ግማሽ ኪሎ የገብስ ዱቄት ይዤ ተመለስኩና
ወንበሩ ላይ ነሰነስኩት፣ በመዳፌ ጫን ጫን አደረግሁት።
«ልትጋግሪበት ነው እንዴ?» አለ አሊጋዝ።
«አብሽር፤ ዱቄቱ ቅቤ እስኪጠግብ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሦስታችንም ተቀመጥን፣ ድንጋዩ ላይ።
ጭጋጉ ወደ ጦሳ ወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ቸል ብሎ።
ዱቄቱ ነጭነቱን ተወ፤ ወዛ፣ ከበደ።
ጠንካራው ብሩሽ ፈልቅቆ አነሣው፣
ማሽኗ የቀረውን ጠጣች፤
ደግሞ ነሰነስኩ፣ ደግሞ ጠጣች።
ይመር ቱቦውን ይዞ «አየሽ?» አለኝ።
እኔም ብሩሹን አሳየሁት።

አሊጋዝ ገባ። በሩን ዘጋ። መስኮቱን ዘጋ።
ዐይኑንም ዘጋና ሳበ፣ በአፍንጫው፣ ረዥም።
«እህ? ምን ይሸትሃል?»
«ምንም።»
ሰባት መቶ ብር ቆጠረልን።

በዚህ አገር ገበያ ሲወጣ ያየሁት
በግ ነው፣ ምስር ነው፣ ሳጋቱራ ነው፤
እኛ ምንም ሸጥን፣
ያውም ሳይከራከሩን።

ካልሲዋን መስታወቱ ላይ አንጠለጠልናት፣
ባለቤቷ ያየቻት እንደሆነ።
ማታ መዝገቡን ገለጥኩና
ማሽን፣ ብሩሽ፣ ፎጣ፣ ባልዲ ከሚለው ሥር፣
ይመር እንዳያይ እጄን ጋርጄ ጻፍኩ፦
የገብስ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ።